በሳንቲም ማዳመጥ

ሎርያን፣ ከወደቡ ጀርባ፣ አንድ ረጅም አዳራሽ፤
ውጭ ዝናቡ በአግድም ይዘንባል፣ ውስጡ ግን ደረቅ፣ አቧራ የለሽ።
የካርቦን ጨርቁ በረዶ ቤት ያድራል፣ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ወርዶ፣
እንደ ዓሣ ተጠቅልሎ፣ ሙጫው በውስጡ በርዶ።
ሲወጣ ሰዓት ይቆጠርበታል፤ ደቂቃው በእርሳስ ይጻፋል፤
ቀኑ ካለፈ፣ የሰው የዓመት ደሞዝ የሚያወጣ ጥቅል ይጣላል።

ቅርጽ ማውጫውን ሰባት ጊዜ ሰም እንቀባዋለን።
ሰሙ ሰም ነው፤ ወርቁን አትጠይቁን፣
እኛ ጥቁር ነው የምናወጣው፣ ጥቁሩን እናውቃለን።
አንዱን ድር ቁልቁል፣ አንዱን አግድም፣ ሁለቱን በሰያፍ፣
በመዳፍ እያሸን፣ እያሞቅን፣ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ፤
ከመሃል ስስ ወረቀት፣ ንብ ያልሠራው፣ ማር የሌለው ሰፈፍ።
ቀፎ እንለዋለን። ቀፎም ነው።

ከዚያ በላስቲክ ሸፍነን አየሩን ስንመጠው
የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ አንድ ፉጨት ካመለጠው፣
አሥራ አንዳችንም በጉልበታችን ነን፣ ጆሯችን ላስቲኩ ላይ፣
ትንፋሻችንን ውጠን ሌላ ትንፋሽ ስንፈልግ፣ እስኪቀላ ሰማይ።

ጎልቨን ነው ያስተማረኝ፣ በሳንቲም ማዳመጥ፤
የድሮ ፍራንክ፣ ዳቦ የማይገዛ፣ አንድም ሱቅ የማይለውጥ።
«ጤነኛው ይጮኻል» አለኝ፣ «ቀጭን ድምፅ፣ ጥርት ያለ፤
የታመመው ያጉተመትማል፣
ዕዳውን እንደካደ ሰው፣ እየማለ።»

ከእቶን በወጣች በማግስቱ፣ ብቻዬን። ጣ፣ ጣ።
ሦስት ሰዓት ሙሉ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ።
ከውኃ መስመሩ በታች፣ ከግራ ጎኗ፣ ሌላ ድምፅ መጣ።
ዱብ።
ዕዳው የማን እንደሆነ ገና አላወቅኩም።
እንደገና፤ ዱብ። መዳፍ የምታህል ቦታ።
በጠመኔ ከበብኳትና መዝገቡን ገለጥኩ፤ በዚያ ማታ
ያንን ንጣፍ ያነጠፈ፦ ጎልቨን።
ጡረታው አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

ዝም ብል ማን ይሰማል? ቀለም ይውጣታል፣ የባንኩ ዓርማ ይለጠፋል።
ግን ከኬፕ ሆርን በታች ማዕበሉም የራሱ ሳንቲም አለው፤
ስፍራ ሳይዘል፣ እያንኳኳ ያልፋል።

ጠራሁት። ሳንቲሙን አቀበልኩት እንጂ ምንም አልነገርኩትም።
አንድ ጊዜ አንኳኳ። ሁለተኛ አላስፈለገውም።
መነጽሩን አወለቀ።
«መቁረጫውን አምጪ።»

ጥቁር አቧራ፣ ከእጅጌ ገብቶ ሌሊቱን የሚያሳክክ፤
ንጣፍ በንጣፍ ላጠ፤ ሰባተኛው ሥር ሰማያዊ ላስቲክ፣
አውራ ጣት የምታህል፣ ከጨርቁ ልባስ ሳትላጥ የቀረች።
ወደ መብራቱ ያዛት። በጣቱ መሃል ተንቀጠቀጠች፣
ወይ ጣቱ።
«ዓይኔ ነው» አለ። «እጄ አይደለም።»
ቆየና፣ መሬት መሬት እያየ፣
«እጄም ይሆናል» አለ።

አለቃችን ታንጊ የቀሩትን ቀናት ቆጥሮ፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።
ጥገናው አራት ቀን በላ፤ መቶ ሰማንያ ግራም አመጣ፤
ነዳፊዎቹ ለእያንዳንዷ ግራም ቀብር የተቀመጡ ይመስል ነበር።
ጎልቨን የመጨረሻዋን ክብ ሲለጥፍ መነጽር ደርቦ ነበር፣
ሁለት፣ አንዱን በአንዱ ላይ፤
ማንም አልሳቀ።

አሁን ጀልባዋ ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ፣ በስልኬ ላይ ነጥብ ናት።
የነጂዋን ስም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ የባንኩ ስም ሸራዋን ሞልቷት።
ጎልቨን ማታ ማታ ይደውላል። ስለ ውድድሩ አይጠይቅም፤
ስንተኛ እንደሆነች ብነግረው እንኳ የሚሰማኝ አይመስለኝም።
«ዛሬ በየትኛው ጎኗ ነው ያጋደለች?»
«በግራ» እለዋለሁ።
ዝም ይላል።
ከወዲያ፣ በማንኪያ ይሁን በጥፍሩ፣ ጠረጴዛ ሲያንኳኳ ይሰማኛል፣
ጣ፣ ጣ፣ ጣ፤
እኔም ስልኩን አልዘጋውም።